መቋሚያ የተደገፈችው አህያ

«እማየ፣ እግዜር ቀልድ ይወዳል?» ብላ ህይወት እናቷን ይታይሽን ጠየቀቻት። ልጅቱ እያለቀሰች ነበር። መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ቆማ ያንቀላፋች አህያ በስልኳ አንስታ፣ ከአገጯ ሥር መቋሚያ ሥላ፣ ጽሑፍ ጨምራ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ለቀቀችው። የመዘምራኑ ኃላፊ ክንዱም «በቤተ ክርስቲያን ቀለደች፤ የመዝሙር ልብሷን ትመልስ» አለ።

ይታይሽ ስልኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ መሐሪ ገሰገሰች።

«አባ፣ ልጄ አጥፍታለች። ቀኖናውን ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ እሰግድላታለሁ። ብቻ ከመዝሙር አያስወጡብኝ!» ብላ ፎቶውን ከፍታ ስልኩን ዘረጋችላቸው።

«እስቲ ምን ብላ ነው? አህያዋስ ታየችኝ፤ ለጽሑፉ ግን መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብቢልኝ።»

ይታይሽ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፤ «ማኅሌት… ላይ… እኔ።»

ቄሱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ምነው ስሜን ሳትጽፍበት ቀረች! ባለፈው በዓል እንዲህ ቆሜ ስተኛ መሪጌታው አይደል በክርኑ የቀሰቀሰኝ? ከሰገድሽ አይቀር ለእኔም ጨምሪልኝ።»

ይታይሽም ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ተይው፣ ልጄ፣ ሳቂ» አሏት። «ቤቱን የምትወድ ልጅ ናት የቤቱን ድካም የምታውቀው።»

ክንዱን አስጠርተው ይህንኑ ነገሩት። ህይወት ከመዘምራኑ ጋር ቀረች። ከቴሌግራሙ የወጣው ክንዱ ነው።