ዘሊካ ወይባ የሞቀች ቀን

ብርቅነሽ ከመተማ ስትመለስ፣ ሱዳን ውስጥ ሳጃና በሚባል ሰፈር ባለው የጎረቤቷ የዘሊካ ቤት ደጃፍ መጀመሪያ ያወረደችው በጆንያ የተጠቀለለ የወይባ እንጨት ነበር። ዘሊካ ጆንያውን ሳትፈታው ሽታው ቀድሟት ቤት ገባ። ወሎ፣ የእናቷ ጓዳ፣ ሐሙስ ከሰዓት። እናቷ ጢስ ሞቃ ስትወጣ፣ ፊቷ እንደ ቅቤ አብርቶ፣ አራቱ እህትማማቾች ጭኗ ላይ ለመተኛት ይጋፋሉ። «ተነሱልኝ እናንተ፣ ላቤ ይድረቅ» ትላለች፤ አንዷንም ግን አታባርርም።

«ምን አፈዘዘሽ?» አለች ብርቅነሽ። «ይኼን ሁሉ መንገድ የተሸከምኩት ልታሸቺው ነው ልትሞቂው?»

«ለምን ደከምሽ፣ ብርቄ። እኔ እንደሆንኩ አልሞቅም።»

«ወገብሽስ?»

ዘሊካ ጆንያውን ወደ ጥግ ገፋችው። ልጇ ሁስና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ዓይኗ አያይም፣ አንደበቷ አልተፈታም፣ እግሯም አልጸናም። ከፍራሽ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያው ሳፋ የምትሄደው በእናቷ ክንድ ነው። ዘሊካ ባነሳቻት ቁጥር «ቢስሚላህ» ትላለች፤ አስከትላ ደግሞ «እእኽ፣ ወገቤን»። የልጅቷ አባት ኢሳ ከጦርነቱ በፊት ሞቷል። ጦርነቱ መጥቶ በአንድ ሐውሽ፣ በአንድ ግቢ ይኖር የነበረው ጎረቤት ግማሹ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ግማሹ ወደ መተማ ሲነቀል፣ ዘሊካ ይህችን ልጅ አዝላ የትም ስለማትደርስ እዚያው ቀረች። አሁን ሰዉ አንድ ሁለት እያለ መመለስ ጀምሯል።

ትናንት ታዲያ ከሳፋው ስታነሳት ወገቧ ከዳትና ሁለቱም ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አሉ። ሁስና ምንም አልሆነችም። ዘሊካ ግን እስኪመሽ አንድ ነገር ስታስብ ዋለች። እሷ ከወደቀች ሁስናን ማን ያነሳል?

«ሽታው ነው» አለች በመጨረሻ። «ልጅቷ የምታውቀኝ በሽታዬ ነው።»

ብርቅነሽ ነገሩን ታውቀዋለች። ያኔ፣ ሐውሹ ሙሉ ሳለ፣ ሱዳናዊቷ ጎረቤት ሬሕማ ልጇን ስትድር የዘሊካን አንገት ኹምራ በሚሉት የሙሽራ ቤት ሽቶ ቀብታት ነበር። ያን ቀን ሁስና ከእናቷ እጅ ውኃ እንኳ አልቀበል ብላ ፊቷን ስታዞር ዋለች። ከዚያ ወዲህ ዘሊካ ሽቶ አልነካችም፤ ሳሙናዋንም አልለወጠች። ያንኑ ሳሙና ፍለጋ በእግሯ ቡሪ የሚባል ሩቅ ሰፈር ድረስ የሄደችበት ጊዜ አለ። ሙሽራ ሆና በገባች ዓመት ሐውሹ ጥግ ያስቆፈረችው የጢስ ጉድጓድም ድንጋይ ከተጫነበት ስምንት ዓመቱ ነው።

«እናትሽ ወይባ ስትሞቅ እናንተ ጠፋችሁ እንዴ?»

«እኛ ዓይን ነበረን።»

«ወገብሽ ሲሰበርስ በምን ታውቅሽ? በምርኩዝሽ?»

ዘሊካ ሳታስበው ሳቀች። «ባል ለሌላት ጢስ ምን ይሠራላታል ይሉኛል ሰዎቹ።»

«የትኞቹ ሰዎች? እዚህ የቀረው ድመት ነው። ያላ ተነሺ፣ ልጅቷን እኔ እይዛለሁ።»

«አታውቂያትም።»

«ከተወለደች አውቃታለሁ። እሷ ናት እኔን የማትወደኝ።»

ዘሊካ እምቢ እንዳለች ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ጧት ልጇን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት ቢያቅታት፣ እንዳጎነበሰች «በይ ከሰሉን አያይዢ» አለች።

ድንጋዩን አነሱት። ፍሙ ላይ ወይባው ሲገባ ዘሊካ ሰውነቷን ቅባት ተቀብታ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ተከናንባ ተቀመጠች። ጢሱ በጀርባዋ ወጣ። ዓይኗን ስትጨፍን ሐውሹ ሰው ሞላው። ሬሕማ ከወዲያ ጠልህ እንጨቷን አጢሳ፣ እሷ ከወዲህ ወይባዋን ይዛ፣ «የእኛ ይበልጣል፣ የእናንተ ይበልጣል» እየተባባሉ ሲሳሳቁ። ሬሕማ አሁን የት እንዳለች አላህ ይወቅ።

ከቤት የሁስና ማጉረምረም ተሰማ። ዘሊካ ልትነሳ ስትል ብርቅነሽ ከበሩ ብቅ አለች። «ተቀመጪ። አልሞተችም፣ ሰድባኝ ነው።»

ላቧ ሲያልቅ ተነሳች። ወገቧ ላልቷል። ወደ ሁስና ሄዳ እጇን በብብቷ ሥር ሰድዳ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ብድግ አደረገቻት። ልጅቷ አየሩን ሳበች፣ ከዚያ እንደ እንጨት ደረቀች። አንገቷን ጠምዝዛ እናቷን በክንዷ ገፋችና ማልቀስ ያዘች።

«አላልኩሽም?» አለች ዘሊካ። የገዛ ድምጿ ሊያስለቅሳት ነው። «ውኃ አቅርቢልኝ፣ ሽታውን ልታጠበው።»

ብርቅነሽ ባልዲውን አነሳች። ዘሊካ ልጇን ወደ ፍራሹ ልትመልስ ጎንበስ ስትል፣ ያልተፈታ አንድ ጅማት ኖሮ ያዝ አደረጋት።

«እእኽ፣ ወገቤን።»

ልቅሶው ቆመ። ሁስና ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዘንብላ ጠበቀች።

ዘሊካ እንደገና አነሳቻት። አሁን ምንም አላመማትም፤ ቢሆንም «እእኽ፣ ወገቤን» አለች።

ልጅቷ በጉሮሮዋ ተንከትክታ ሳቀች። ዘሊካ ይህን ሳቅ ከዚህ በፊትም ሰምታዋለች። ስታነሳት ሁልጊዜ ነበረ፤ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ስለምታነሳ ልብ ብላው አታውቅም። ስንት ዓመት ያቃሰተችው ለሁስና ጨዋታ ኖሯል።

«ሳያማት የምታቃስት ሴት ዛሬ አየሁ» አለች ብርቅነሽ፣ ባልዲውን አስቀምጣ።

«ዝም በይ። ጨዋታ ላይ ነን።»

አራቴም አምስቴም አቃሰተችላት። ሁስና ሳቁ ሲደክማት ጉንጯን እናቷ አንገት ላይ ጣለች፣ አሸተተች፣ አነጠሰች፣ ደግማ አሸተተችና እዚያው ቀረች።

«ተነሽልኝ አንቺ፣ ላቤ ይድረቅ» አለቻት ዘሊካ፣ ይበልጥ አቅፋ። ቀና ሳትል ደግሞ «ብርቄ» አለች፤ «የተረፈውን እንጨት ጥላ ውስጥ አግቢልኝ። ሐሙስም ትመጪልኛለሽ፣ አይደል?»