ቤቱ ደህና ነው

ልጅቷ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ግማሽ ቀን አስፈቅዳ፣ ስትሮጥ መጥታ በሩን ስትከፍት የኖራ ሽታ ተቀበላት። እናቷ ወንበር ላይ ቆመው የመጨረሻውን ጥግ እየቀቡ ነበር። ከኮርኒሱ እስከ ወለሉ የወረደው፣ ጣት የሚያስገባው ስንጥቅ የለም። ከታች ቁም ሳጥኑ ተገፍቶ ሸፍኖታል፤ ከላይ ኖራው። በኖራው ላይ ደግሞ የአባቷ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሁ? ሰው ይመጣል አላልሽም? ቤት እንዲያ ተጎሳቁሎ እንግዳ ይገባል?"

የሚመጣው እንግዳ አልነበረም። የትኛው የመንግሥት ኪራይ ቤት እንደሚጠገን የሚወስነው የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነው። የሰፈሩ ሰው "በጀት የለም" ይለዋል፤ ሌላ ነገር ሲናገር ሰምቶት አያውቅምና። ዘንድሮ ደግሞ ገንዘቡ ከወትሮውም ተቀንሷል፤ የሚጠገነው፣ ሊወድቅ መድረሱን ሰውየው በዓይኑ ያየው ቤት ብቻ ነው፤ የቀረው ለከርሞ። አምናም ለከርሞ ተብሎ ነበር። ግድግዳው የሚቀጥለውን ክረምት እንደማይችል ልጅቷ ታውቃለች፤ የእናቷን አልጋ ከሥሩ ያራቀችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ማታ ነግራቸው ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን ሰው እንደሚመጣ ብቻ ነው።

ኖራው ሳይደርቅ በሩ ተንኳኳ። ሰውየው ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ትከሻው ወርዷል። ቆሜ አይቼ ልሂድ ቢልም እናቷ እምቢ ብለው አስቀመጡት፤ ሻይ ቀዱለት። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና እንዴት አድርገው ይዘውታል ሲል አደነቀ። የእናቷ ፊት በራ።

"ለመሆኑ እማማ፣ ቤቱ እንዴት ነው?"

"ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነው።"

ወገባቸው ተይዞ ሆስፒታል የተኙ ጊዜም ለሐኪሙ የመለሱት ይህንኑ ነበር።

ሰውየው ጻፈ። ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰበት ሰው እንዳልነበረ ነገራቸው፤ ደህና የሚል ቤት በማግኘቱ ዕረፍት የተሰማው ይመስላል። ሻዩን ጨልጦ፣ አመስግኖ ተነሣ።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። እናቷ ቀና ብለው አዩዋት፤ እንግዳ ፊት አታዋርጂኝ የሚል አስተያየት ነው። ሰውየው የበሩን እጀታ ሲይዝ ግን ሄዳ የቁም ሳጥኑን ጠርዝ ጨበጠች።

"አንድ ጊዜ ይቆዩኝ" አለች። ድምጿ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

"ተይ" አሉ እናቷ።

ጎተተች። ቁም ሳጥኑ አልነቃነቅ አላት። ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እናቷን አየ፤ ከዚያ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ በሌላው ጫፍ ቆመ።

"ቆዩ" አሉ እናቷ። "ፎቶው ይወድቃል።"

ወንበሩ ላይ ወጥተው ፎቶግራፉን አወረዱና ደረታቸው ላይ ያዙት። ቁም ሳጥኑ እየተንገጫገጨ ከግድግዳው ሲላቀቅ እርጥቡ ኖራ ተሰንጥቆ እየተቀረፈ ወረደ። በስንጥቁ ውስጥ የውጪው ብርሃን ገባ። ሰውየው ጣቶቹን ከተተበት።

"እማማ፣ ይሄ ነው ደህና?"

እናቷ በነጠላቸው ጫፍ ከፎቶው መስታወት ላይ ኖራ ይጠርጉ ነበር።

"ደህናስ እኛ ነን" አሉ ቀስ ብለው። "ቤቱ ታሟል።"

ሰውየው የጻፈውን ሰረዘና በላዩ ሌላ ጻፈ። "ቃል አልገባም" አለ ሲወጣ። "እንዲህ ያሉ ብዙ አይቻለሁ። በጀት..." አልጨረሰውም።

ልጅቷ ወለሉ ላይ የተበተነውን ኖራ ጠርጋ አወጣች። እናቷን ቀና ብላ ማየት ከብዷታል። ሲቆይ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ፣

"ልመልሰው?" አለች።

እናቷ ማዶ ካለው ግድግዳ ላይ አሮጌ ሚስማር አገኙና ፎቶግራፉን እዚያ ሰቀሉት፤ ከስንጥቁ ትይዩ።

"ተዪው" አሉ። "የመጣ ይየው።"