የቢራ ገንፎ

ቢራ ጂራታን ውሸታም ማለት ስም ማጥፋት ነው። ቢራ እውነትን ይወዳታል፤ ስለሚወዳትም ራቁቷን ሰው ፊት አያወጣትም፣ አልብሶና አስጊጦ ነው የሚያወጣት። ቃሊቲ የታክሲ ተራ ላይ ወረፋ ሲያስከብር ትንሽ ካፊያ ጥሎ ያባራ እንደሆነ፣ እሱ ሲያወራው ሚኒባሱ እየዋኘ ነው ገላን የደረሰው፤ ረዳቱም በመስኮት ዓሣ እያጠመደ ሒሳብ ተቀብሏል። ስሙን የሰማ ተሳፋሪ ሁሉ «ጠርሙስ ነህ ድራፍት?» ይለዋል። እሱም «ድራፍት ነኝ፣ ቶሎ ካልጠጡኝ አረፋዬ ይጠፋል» ብሎ ይመልሳል።

ያን ሰሞን ግን የእውነትም አረፋው ጠፍቶ ነበር። እናቱ ከሞተች ወዲህ አሳድገው ለሰው ያበቁት አክስቱ እትዬ አደሴ እህል አልቀምስም ብለዋል።

እትዬ አደሴ በአቃቂ ለሴት ልጆች ባልትናን ክፍል ውስጥ አስገብተው ካስተማሩ ቀዳሚዎች አንዷ ናቸው። በዚያ ዘመን ሙያ ከእናት ጓዳ እንጂ ከሰሌዳ ይገኛል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ጠመኔ ይዘው የወጥ አሠራሩን፣ የአራስ አያያዙን፣ የቁልፍ አተካከሉን ሁሉ እንደ ሒሳብ ደረጃ በደረጃ ጻፉት። ሰማንያውን ካለፉ በኋላ የአቃቂው ግቢያቸው ለመንገድ ሥራ ፈረሰና የቢራ እህት አስቴር ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ካለው ቤቷ ወስዳ አስቀመጠቻቸው። የምግቡም ጣጣ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አስቴር ያልሠራችው የለም። ሾርባ ስታመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፣ ፍርፍር ስታመጣ ይተኛሉ። ሻይ ብቻ ፉት ይላሉ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለች ከመለመኗ ብዛት፣ በቢራ ስሌት አስቴር ቢያንስ ሰባት ጊዜ ሞታ ተቀብራለች። ሐኪሙም መረመረና በሽታ አጣባቸው። «ካልበሉ ግን አይቆዩም» አለ፤ እሱን ለማወቅ ደግሞ ሐኪም አያስፈልግም ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቢራ ሊጠይቃቸው መጣ። ከብሎኩ ሥር ሱቅ ያላት ዙለይኻም ብርቱካን ይዛ አብራው ወጣች።

«እማማ አደሴ፣ አላህ ያሽርዎት» አለች አልጋው አጠገብ ቆማ።

እትዬ አደሴ ዓይናቸውን አልገለጡም። ዙለይኻ ወደ ቢራ ጠጋ ብላ «አስተማሪ ነበሩ አሉ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ቢራን እንዲህ ብሎ መጠየቅ የቦኖ ቧንቧ ክፍት ትቶ መሄድ ነው።

«አስተማሪ ብቻ?» አለ። «ትምህርት ቤቱ ባልትና ሊያስተምር ነው ተብሎ በገበያ ቀን ተለፈፈልሽ። ገበሬው ከቃሉ ውስጥ የያዛት 'ባል' የምትለዋን ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት አርባ አባት ልጁን አስከትሎ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት በግ እየጎተተ ግቢውን ሞላው። 'ባሎቹ የታሉ? አሰልፏቸውና እንምረጥ' አሉ። ዳይሬክተሩ ደንግጦ ዛፍ ላይ ወጣ!»

ዙለይኻ በሻርፗ አፏን ይዛ ሳቀች። አስቴር «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ የታመመ ሰው ፊት!» ብላ ልትገፋው ስትል፣ ከአልጋው ደረቅ ያለ ድምፅ መጣ።

«ሁለት ናቸው።»

ሦስቱም ዞሩ። «ምን አሉ እትዬ?» አለ ቢራ።

«የመጡት አባቶች ሁለት ናቸው። በግም አልነበረም። አንደኛው ፍየል ይዟል፣ እሷንም ገበያ ሊወስዳት ነው።» ዓይናቸው አሁንም አልተገለጠም። «ዳይሬክተሯ ደግሞ ሴት ነበረች። ዛፍ አትወጣም።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ይህን ያህል ሲናገሩ መስማታቸው ነው። አስቴር እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቢራ ግን ሌላ ነገር ነው የገባው፤ እትዬ አደሴ ከሞት ጋር እንኳ ቢታረቁ ከስህተት ጋር አይታረቁም። ዕድሜ ልኩን ሲኦል ያስገባሃል ሲባል የኖረው ምላሱ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ገና ታየው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ፍየል ይሁን እሺ። ምድጃውንስ ሰምተሻል ዙለይኻ? ትምህርት ቤቱ ምድጃ የለውም። እትዬ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሳሉት፣ ከነመዝጊያው፣ ከነእጀታው። ልጆቹ በዚያ ዳቦ ሲጋግሩ ሙቀቱ በዛና ሰሌዳው ተያያዘ። እሳት አደጋ ከአዲስ አበባ ድረስ ደወሉን እያቃጨለ መጣ!»

«ቀጣፊ!» ዓይናቸው ተገለጠ። «ሰሌዳው መቼ ተቃጠለ? ምድጃውን ግን ስዬዋለሁ። ምን ላድርግ፣ እውነተኛው ይመጣል ይመጣል ሲባል ዓመቱ አለቀ። በተራ እየወጡ በሩን ይከፍታሉ፣ ዳቦውን አውጥተው ይዘጋሉ። አለሚቱ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ጨርቅ ሳትይዝ እጇን ሰደደች። 'ተቃጠልሽ!' ብዬ ስጮህባት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች።»

«የተሳለው ምድጃ አቃጥሏት?» አለች ዙለይኻ።

«የተሳለው። እኔስ ብትዪ? እርጥብ ጨርቅ አምጥቼ አሰርኩላት።»

ዙለይኻ በሳቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቢራ ቅናት ቢጤ ተሰማው፤ እሱ እሳት አደጋ ድረስ ጠርቶ ያላመጣውን ሳቅ እሳቸው በአንዲት ጣት አመጡት።

አስቴር አሁን ነው ጊዜው ብላ ሮጣ ሾርባ ይዛ መጣች። «እትዬዋ፣ በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ልመና አልወድም» አሉ። «ከመጣሁ ጀምሮ ጓዳሽ ምን እንደሚመስል አላየሁም። 'ይቀመጡ፣ ይቃጠላሉ፣ ይወድቃሉ' ትዪኛለሽ። እንደሚታረድ ዶሮ ዘግተሽ ነው የምትቀልቢኝ። እጄ ካልሠራ አፌ ምን ሊያደርግ ይበላል?»

አስቴር ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። እንባዋ መጣ። ደህና ያደረገች መስሏት ነበር።

ቢራም ሳቁ ከፊቱ ተሟጠጠ። ከብርድ ልብሱ የወጣውን ክንዳቸውን አየው፤ በልጅነቱ ስንት ጊዜ ያነሳውና የተሸከመው ክንድ አሁን ከማማሰያ እንጨት አይወፍርም። እንዲህ ከቀጠሉ የሚቀብራቸው እሱ ነው። የዕድሜውን ትልቁን ድፍረት ደፈረ።

«ዝም ብዬ ሳመሰግናቸው ነው እንጂ ዙለይኻ፣ ለነገሩ እትዬ ገንፎ ላይ ደካማ ነበሩ።»

«አንተ!» አለች አስቴር።

«ምን ላድርግ፣ እውነቱ ነው። ኢንስፔክተር በመጣ ቀን ገንፏቸው ጓጎለ። አንዱን ጓል ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ እንደ ኳስ ሲጫወቱበት ከረሙ። እኔ ራሴ የተሻለ አገነፋለሁ።»

እትዬ አደሴ በክርናቸው ተደገፉ። «የኔ ገንፎ?» አሉ። «የኔ ገንፎ ነው የጓጎለው?»

ቢራ ወደ ኩሽና ገባ፣ ድስቱን ሆን ብሎ እያንኳኳ ውሃ ጣደ። የገብስ ዱቄቱን ከመደርደሪያ አወረደ።

«ገና ነው!» የሚል ጩኸት ከመኝታ ቤት መጣ። «ውሃው አልፈላም፤ ሲፈላ ይሰማኛል!»

«ጨመርኩት እትዬ!»

«ምን ያህል?»

«ሁሉንም! በአንዴ!»

«በአንዴ?!»

አልጋው ሲጥጥ አለ። ከዚያ የነጠላ ጫማ ሸርተት፣ ሸርተት። አስቴር «ይወድቃሉ!» ብላ ልትሮጥ ስትል ዙለይኻ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ተያቸው፣ ወላሂ አይወድቁም፣ ንዴት ይዟቸዋል።»

እትዬ አደሴ ግድግዳውን ይዘው ኩሽናው በር ላይ ደረሱ። ድስቱን አይተው ግንባራቸውን መቱ።

«ይሄ ገንፎ ነው ጠጠር? ክንድህ የታለ? ወደ ድስቱ ግድግዳ እያስጠጋህ ጨፍልቀው! እሱን አይደለም፣ ያንን ትልቁን ጓል! ከሥር ገልብጠው እንጂ፣ ወጥ መሰለህ የምትነካካው?»

ቢራ ማበላሸት ነበር ሐሳቡ። እግዜር ይስጠውና ሐሳብ አላስፈለገውም፤ ላቡ ጠብ እስኪል ቢያማስልም ገንፎው እንደ አቃቂ ወንዝ ዳር ድንጋይ ጓል በጓል ሆነ። ሳህን ላይ አውጥቶ መሐሉን አጎደጎደ፣ የአስቴርን ቅቤና በርበሬ አፈሰሰበትና ኩሽናው ውስጥ ባለችው ዱካ ላይ የተቀመጡት አክስቱ ፊት አቀረበው።

«ከአሥር ስንት ይሰጡኛል?»

«ዜሮ።»

«ሳይቀምሱ?»

«ዓይን የለኝም?»

«በዓይን ብቻ ማርክ ይሰጣል እንዴ እትዬ? እንደዚህ ከሆነ እርስዎ ዘንድ የወደቀች ልጅ ሁሉ ተበድላለች ማለት ነው።»

እትዬ አደሴ ከሳህኑ ዳር ያለችውን ማንኪያ አዩዋት። ከታች ቆራሌው «ያረጀ ቆርቆሮ! ጫማ!» እያለ ያልፋል።  እትዬ አደሴ ከዳር ቆንጥረው፣ ቅቤው ላይ ነክረው ዋጡት።

«ሁለት» አሉ።

«ሁለት ብቻ? እሱ ጓሉ ያለበት በኩል ነው! በዚህ በኩል ይቅመሱት እስቲ።»

ቀመሱ። «ሁለት ተኩል።»

«ጨዉስ?»

ሌላ ማንኪያ። አሰቡ። «ጨዉ ልክ ነው። ሦስት።»

«ለእኔም ይስጡኝ እንጂ» አለች አስቴር እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ቅቤው የኔ ነው።»

ለሷም ሲሉ ቀመሱ። ዙለይኻም በርበሬው ከሱቄ ነው ብላ ተከራከረች፣ እሱም ሳይቀመስ አይፈረድም ተባለ። እንዲህ እየተጨቃጨቁ ገንፎው ከግማሽ በታች ወረደ። «በሞቴ» ያለ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ እትዬ አደሴ ማንኪያዋን አሳረፉ።

«አንተ ቢራ።»

«አቤት እትዬ።»

«ድድህ ገና ጥርስ ሳያወጣ የማውቅህ ሰው ነኝ። እያበላኸኝ እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ?»

ቢራ ውሸት ፈለገ። ከዚያ ሁሉ ክምችት አንዲት እንኳ አልመጣችለትም። «እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው» አለ፣ ድስቱን እያየ።

እትዬ አደሴ በርበሬ የነካ አውራ ጣታቸውን አንስተው ጉንጩ ላይ የተለጠፈውን ዱቄት ጠረጉለት፤ አባሱበት እንጂ።

«ሦስት ተኩል ነው ያገኘኸው» አሉ። «በሦስት ተኩል ማንም አያልፍም፣ ነገ ትደግማለህ። አስቴር፣ ቅቤሽ በደንብ አልተነጠረም፣ ነገ ከእኔ ጋር ታነጥሪያለሽ። ዙለይኻ፣ ዱቄቱም ካንቺ ነው የተገዛው? አሸዋ አለው።»

«ወላሂ ዱቄቱ የኔ አይደለም እማማ!»

«እንግዲያው ያንቺን አምጪና እናየዋለን።»

ሳህኑንና ማንኪያውን ይዘው፣ ዱካውን ተደግፈው ወደ ቧንቧው ተነሱ። የአስቴር እጅ ሊቀበላቸው ብድግ አለ፤ ከመንገድ መለሰችውና ጀርባዋ ላይ ደበቀችው። እትዬ አደሴ ቧንቧውን ከፈቱ። ጉርር ብሎ አየር ተፋ።

«ውሃ የለም እንዴ?»

«ዛሬ ተራችን አይደለም እትዬ።»

«ታዲያ እጅሽን ወደኋላ አጣምረሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ከጀሪካኑ ቅጂልኝ እንጂ!»