የወላጅ ፊርማ

ፈህሚያ የአባቷን ቀኝ እጅ በሸሚዙ እጅጌ ውስጥ ቀስ አድርጋ ገፋችው። የታመመው እጅ ይቀድማል፤ ደህናው ይከተላል። የሆስፒታሉ የፊዚዮ ባለሙያ እንደዚያ ነበር ያስተማሯት። መጀመሪያ ሰሞን ደህናውን እያስቀደመች ሸሚዙ አባቷ ጀርባ ላይ ተጠማዝዞ ይቀር ነበር።

"ክርኔ የት ደረሰ?" አለ ጀማሉዲን።

"መንገድ ላይ ነው።"

"ባጃጅ ይጠራለት እንዴ?"

ሳቀች። ጣቶቹ በእጅጌው ጫፍ ብቅ ሲሉ ያዘችና ሳብ አደረገቻቸው። ከዚያ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈች።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። እናቷ ራቢዓ በማለዳ ገበያ ሄዳ የጨርቅ ሱቁን ከፍታለች። ጀማሉዲን ከአራት ወር በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ሜትሩን በእጁ እንደያዘ ነበር በስትሮክ የወደቀው። ንግግሩ ቶሎ ተመለሰለት። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን እስካሁን እንደ እንግዳ ናቸው፤ ሲጠሯቸው ቶሎ አይመጡም።

"ተነስ፣ እንሂድ" አለች ፈህሚያ።

ጠዋት ጠዋት ከቧንቧው እስከ ግቢው በር አርባ እርምጃ ይሄዳል። በሩ ጋ ሲደርስ ሳይነካው ይዞራል። ሳይታመም በፊት ከሰፈራቸው ከአዲስ ዓለም ተነስቶ ገበያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ መንገዱ ርቆ ሳይሆን ሰላም የሚለው ሰው በዝቶ። አሁን አራት ወር ሙሉ ከበሩ ወዲያ አልወጣም።

"አባዬ፣ ወረቀቱስ?" አለች ሃያኛው እርምጃ ላይ።

"የቱ ወረቀት?"

"የውድድሩ ነዋ! ዛሬ መጨረሻው ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካላስገባሁ ነገ ባሕር ዳር አልሄድም።"

"አያለሁ አልኩሽ እኮ።"

"ረቡዕም አያለሁ ብለኸኛል።"

ጀማሉዲን እግሩን እየጎተተ ሁለት እርምጃ ሄደ። "እናትሽ ትፈርምልሽ" አለ። "እሷም ወላጅ ናት። ያውም ከእኔ የምትሻል።"

ፈህሚያ እናቷን ትናንት ጠይቃት ነበር። ራቢዓ ወረቀቱን አንብባ መልሳ ሰጠቻት። "እኔ መፈረም አያቅተኝም" ነበር ያለቻት። "ግን አባትሽን ጠብቂው። እያለ እንደሌለ አናድርገው።"

ፈህሚያ አባቷ ለምን እንደማይፈርም የምታውቅ ይመስላታል። እሷ ሯጭ አይደለችም፤ የእርምጃ ተወዳዳሪ ናት። በእርምጃ ውድድር አንደኛው እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፤ የሚቀድመው እግር ጉልበትም መታጠፍ የለበትም። ይህን ሁሉ ጠብቆ መፍጠን የሚቻለው ወገብን ግራና ቀኝ በማወዛወዝ ነው። ለዚህ ነው የሰፈር ልጆች ከኋላዋ ተሰልፈው "ዳክዬ! ዳክዬ!" የሚሏት። አንድ ቀን፣ አባቷ ሳይታመም፣ ከልምምድ ስትመለስ በሱቁ ፊት አለፈች። ሦስት ልጆች ወገባቸውን እየሰበሩ ይከተሏት ነበር። ደንበኞቹ ሳቁ። ጀማሉዲን ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጨርቁን መለካት ቀጠለ።

ያንን የተደፋ አንገት አልረሳችውም።

"አርባ" አለ ጀማሉዲን ግድግዳውን ተደግፎ። "እስኪ ወንበሬን ወደ ፀሐይ አውጪልኝ።"

ፈህሚያ ቤት ገባች። የወንበሩን ትራስ አንስታ ልታራግፈው ስትል ከሥሩ ካርቶኖች ወደቁ። አዲስ ሸሚዝ ሲታሸግ ከጀርባው የሚደረጉት ነጭ ካርቶኖች ናቸው። በሁለቱም ገጽ በእስክሪብቶ ተሞነጫጭረዋል። መጀመሪያ የሕፃን ሥራ መሰላት። ቤቱ ውስጥ ግን ከእሷ ሌላ ልጅ የለም።

ቀረብ አድርጋ አየቻቸው። ሁሉም "ጀ" ናቸው። አንዷ እግሯ ተሰብሯል፤ አንዷ በጀርባዋ ወድቃለች፤ አንዷ ተጀምራ ቀርታለች። ከሥር ከሥራቸው መስመር ለማስመር የሞከረ እጅ ካርቶኑን ቀዶታል።

የአባቷን ፊርማ አዲስ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ቤት ሲገዛ፣ ሲያከራይ፣ ኒካሕ ሲያስር፣ "ጀማልን ጥሩት፣ ምስክር ይሁን" ይባላል። እሱም መነጽሩን አድርጎ፣ ከ"ጀ" ጀምሮ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚሄድ ረጅም መስመር በአንድ ትንፋሽ ይስባል።

ፈህሚያ ካርቶኖቹን እንደነበሩ ደረደረች። ትራሱን መልሳ በላያቸው አደረገችና ወንበሩን ከነትራሱ ተሸክማ ወጣች።

አባቷ እንደተቀመጠ በሩ ተንኳኳ። ጓደኛዋ ፀደይ ነበረች። ፀደይ የመካነ ብርሃን ልጅ ናት፤ ለትምህርት ጎንደር መጥታ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ትሮጣለች፤ ወሬዋ ግን ማራቶን ነው።

"እንዴት አደሩ አያ ጀማል! ሸጋ ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ። አንቺስ ፀደይ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ! አንቺ ፈህሚያ፣ ምነው ትቆሚያለሽ? ኮች መዝገብ ይዛ ስታዲየም ተቀምጣለች። የኔ ትናንት ማታ ከአገር ቤት ደረሰልኝ፣ እዪው!"

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። አራት ቦታ ታጥፎ የተጨማደደ ነው። "የወላጅ ፊርማ" በሚለው መስመር ላይ ሰፊ ሰማያዊ የጣት አሻራ አርፏል።

"የአባቴ አውራ ጣት ነው" አለች ፀደይ። "መጻፍ አይችልም። ወረቀቱን ያደረሰልኝ የአውቶቡስ ሹፌር መንገድ ላይ አስቁሞት፣ እስክሪብቶ ጣቱ ላይ ቀብቶ አስነካው። ይቺን ጥግ ያያችኋት እንደሆነ፣ ቀለም አይደለችም፤ ጭቃ ናት። ከእርሻ ነበር የመጣው።"

"ስጪኝማ" አለ ጀማሉዲን።

ወረቀቱን በግራ እጁ ተቀበለና ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። አሻራውን ረጅም ጊዜ አየው።

"አባትሽ አላፈረም?"

"በምን?"

"ጣት በማስነካቱ።"

ፀደይ ጥያቄው አልገባትም። "ሌላ ምን ይላክ? ያለው ጣት ነው" አለች።

ጀማሉዲን ወረቀቱን መለሰላት። ወደ ፈህሚያ ዞረ። "ያንቺን አምጪው። እስክሪብቶም።"

ስታመጣ እጆቿ ይቸኩሉ ነበር። የእንጨት መክተፊያ ጉልበቱ ላይ አድርጋ ወረቀቱን ዘረጋችለት። ከዚያ ሳታስበው አፏ ቀደመ።

"አባዬ፣ ያን ቀን በሱቁ በር ሳልፍ፣ አፍረህብኝ ነበር?"

ፀደይ ቧንቧውን ማየት ጀመረች።

"አዎ" አለ ጀማሉዲን። "ትንሽ። ሰው ሲስቅ አንገቴን ደፋሁ። ማታ ሰላት ላይ ትዝ ብሎኝ በራሴ አፈርኩ። ልነግርሽ ስል ይሄ በሽታ ቀደመኝ።"

"እኔ እኮ ያልፈረምክልኝ ለዚያ መስሎኝ ነው።"

"በፍጹም! ያልፈረምኩት እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። የጀማል ፊርማ ነው ብዬ ይህን ሳር የመሰለ ነገር እንዴት ልላክ? ሌሊት ሌሊት እለማመዳለሁ። ካርቶን ጨረስኩ፤ ፊርማ አልወጣኝም።"

"አውቃለሁ" አለች ፈህሚያ በቀስታ።

አያት። ከዚያ የተቀመጠበትን ትራስ በግራ እጁ ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ። "የዚህ ቤት ሰው ምን ይደበቀዋል!"

እስክሪብቶውን በግራ እጁ አንስቶ በቀኝ ጣቶቹ መካከል አስገባ። የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ደግፎ ወደ መስመሩ ገፋው። እስክሪብቶው ወደቀ። ፀደይ አንስታ ሰጠችው። እንደገና ወደቀ። በሦስተኛው "ጀ" ወጣች፤ ከዚያ "ማ" ከመስመሩ በላይ ተንጠላጠለች፤ "ል" ጨርሳ ወደ "ቀን" ሳጥን ገባች። ረጅሙን መስመር ሲስብ ትንፋሹን ያዘ። መስመሩ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደ ሊማሊሞ መንገድ ተጠማዘዘና ጠርዙ ላይ ደረሰ።

ጀማሉዲን ላቡን ጠረገ። "እ? እንዴት ነው?"

"ሸጋ ነው" አለች ፀደይ።

"ውሸታም።"

"እሺ፣ ሸጋ አይደለም። ግን ፊርማ ነው።"

ሦስቱም ሳቁ። ከሁሉም ረዝሞ የሳቀው እሱ ነበር።

ሁለቱ ልጆች ተያይዘው ወጡ። ሌላ ጊዜ ፈህሚያ ልጆቹን ሸሽታ እስከ ትልቁ አስፋልት እንደ ማንም ሰው ነበር የምትሄደው። ዛሬ ግን ሰዓቱ ሄዷል። ከግቢው በር ጀምራ ጉልበቷን ቀጥ አድርጋ፣ ክርኗን አጥፋ በእርምጃ ሄደች። ፀደይ ከጎኗ ሶምሶማ እየሮጠች፣ "ኧረ ቀስ በይ፣ እኔ ነኝ ሯጯ!" ትላለች። ዳቦ ቤቱ ጋ የቆሙት ልጆች "ዳክዬ!" አሉ። ፈህሚያ አልዞረችም።

አሰልጣኝ ሸዋአየሁ የስታዲየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቅጾቹን እየለየች ነበር። የፀደይን አሻራ አየችና ፈገግ ብላ ተቀበለች። የፈህሚያን ስታይ ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

"ይህን ማን ፈረመው?"

"አባቴ።"

"ፈህሚያ፣ የጋሽ ጀማልን ፊርማ እኔ አውቀዋለሁ። የቤት ኪራይ ውሌ ላይ አለ። ይህን ያየ ሰው ልጅቷ ራሷ ሞነጫጨረችው ነው የሚለኝ።"

"ኧረ ኮች፣ እመቤቴን! በዓይኔ አይቻለሁ" አለች ፀደይ።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

የጀማሉዲን እጅ ነገር ከግቢው አልወጣም ነበር፤ ሰው የሚያውቀው ታሞ መተኛቱን ብቻ ነው። "ይደውሉለት" አለች ፈህሚያ።

ሸዋአየሁ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠራ። "ጋሽ ጀማል፣ እንዴት ነዎት? ስለ ፈህሚያ ወረቀት ነበር።"

የጀማሉዲን ድምፅ ከስልኩ አልፎ ተሰማ። "ጠማማ ነው አይደል?"

"እ… ትንሽ ዘመም ብሏል።"

"እኔ ነኝ የፈረምኩት። እጄ እንዲህ ሆኗል፤ አትደንግጪ። ፊርማው ይጠማዘዛል፣ የልጅቷ ጉልበት ግን አይታጠፍም። አይተሻት የለ?"

"አይቻታለሁ" አለች ሸዋአየሁ፤ ድምፅዋ ለሰለሰ። "አላህ ይማርዎት ጋሽ ጀማል።"

ስልኩን ዘግታ ከመዝገቡ ሥር አዲስ ባዶ ቅጽ አወጣች።

"ስሚኝ ፈህሚያ። እኔ አምኛለሁ። ባሕር ዳር ያሉት መዝጋቢዎች ግን አባትሽን አያውቁም። ጥያቄ ያበዙብሻል። የእናትሽ ሱቅ ከዚህ አስር ደቂቃ ነው፤ ሮጠሽ ንጹህ አስፈርመሽ ነይ። እጠብቅሻለሁ።"

ፈህሚያ ባዶውን ቅጽ ተቀበለች። ነጭ ነው፤ አንድም እጥፋት የለውም። ሸዋአየሁ ጉልበት ላይ ያለውን የአባቷን ወረቀት አየችው።

"የእናቴን ካመጣሁ ይሄኛው ምን ይሆናል?"

"ይቀደዳል እንጂ። ሁለት አይያያዝም።"

ፈህሚያ ባዶውን ቅጽ መለሰችላት።

"ይሄ ይሁን" አለች። "ከጠየቁኝ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ደፍረሽ ትናገሪያለሽ? አንቺ እኮ ስምሽን ስትናገሪ እንኳ ድምፅሽ አይሰማም።"

"እናገራለሁ።"

ሸዋአየሁ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ ከተጠማዘዘው መስመር ሥር "አቶ ጀማሉዲን፣ አባት" ብላ በግልጽ ጻፈች። ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አስተካክላ በማያያዣ ያዘችው፤ ነፋስ እንዳይወስደው የውኃ ፕላስቲኳን በላዩ አቆመችና መዝገቡን ዘጋች።