የመሸሻ ልጅ በናይሮቢ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ አንቺም በሩ ጋ አትቁሚ፣ ቦታ አለ። ይቺን ስሙኝ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ ከከፋ የመጣ መሸሻ የሚባል ቆዳ ነጋዴ ነበረ። የስድስት ዓመት ልጁ ብርቱካን እጁን ለቅቃ መሮጥ ትወዳለች። ገበያ መሀል በለቀቀችው ቁጥር ይደበቅባታል። እያለቀሰች ስትዞር መንገደኛው «የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። «የመሸሻ!» ከጦር ኃይሎች እስከ አስኮ እሱን የማያውቅ የለምና አንዱ እጇን ይዞ ቤቷ ያደርሳታል። ሰፈሩ ይስቃል። እናቷ ተናኘም ስትሰማ ትስቅ ነበር።

በስልሳ አራት ክረምት ንግዱ ቀናውና ቤተሰቡን ናይሮቢ ለሽርሽር ወሰደ። ፎቁ፣ መኪናው፣ የሰው ብዛቱ! የብርቱካን ታናሽ ወንድም ጉልላት በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሁሉንም በጣቱ ያሳያል። ብርቱካን የሱቅ መስኮት ውስጥ አሻንጉሊት አየችና የአባቷን እጅ ለቀቀች።

መሸሻ ተናኘን ጎትቶ ከምሰሶ ኋላ ተሸሸገ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ ኮልፌ አይደለም!»

«ዝም በይ! አንዴ ደንግጣ ትማር።»

ከጀርባው ተጠጋች።

ልጅቷ ዞር ስትል ማንም የለም። የአላፊውን ሁሉ ልብስ እየጎተተች «የመሸሻ ልጅ ነኝ! የመሸሻ!» ትላለች። ማን ይስማት? መሸሻ በሳቅ ፍርፍር አለ። በመሀል አውቶቡስ አለፈ። ካለፈ በኋላ ልጅቷ የለችም።

እስከ አስር ሰዓት ፈለጓት። በመጨረሻ የሆቴላቸው ዘበኛ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዳቸው። ብርቱካን አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ በሽንት ርሷል፣ ድምጿ ተዘግቷል።

«አየሽ እጄን ስትለቂ?» አላት መሸሻ፣ ድንጋጤውን ሊሸፍን። «ደግሞ ሸናሽ? አንቺ ትልቅ ሴት!»

አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ፊቱ ጠቆረ። አባትሽ ነው ወይ በሚል በጣቱ አሳያት። ልጅቷ የፖሊሱን ሱሪ ጨብጣ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ፖሊሱ ተናኘንም አሳያት።

«ብርቱዬ፣ እኔ ነኝ እኮ! እናትሽ!»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺም ተደበቅሽብኝ» አለቻት በተዘጋ ድምጿ፤ አሁንም ራሷን ወዘወዘች።

ፖሊሱ የመሸሻ ፓስፖርት ላይ ያለውን የልጅቷን ፎቶ ከፊቷ ጋር አስተያየና ውሰዷት አለ። ሱሪውን ግን አልለቅ አለች። እነዚያን ትንንሽ ጣቶች አንድ በአንድ ያላቀቀቻቸው እናቷ ናት።

እናንተም ነገ ትወልዳላችሁ፣ የኔ ጌቶች። ያን ጊዜ፣ በሞቴ፣ እነዚያን ጣቶች አስታውሱልኝ።