ፀሐይ የሚጠጣው ሚኒባስ

ዛኪር የሚኒባሱን ጣሪያ በድሪል መብሳት የጀመረ ቀን ከዚራ ሰፈር ያለ ሥራ ፈት ሁሉ ሊያየው መጣ። አዴ መሪያም ወንበሯን ከግቢ አስወጥታ ሚኒባሱ ከቆመበት ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። አማች ጣሪያ ላይ ሲወጣ አማት ከታች ካልጠበቀች ማን ይጠብቃል?

«ቆርቆሮውን ወንፊት አደረግከው እኮ። ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ታቅፈን ልንተኛ ነው?»

«ሲሊከን እሞላበታለሁ፣ አዴ።»

«ሙላ። ስትበሳ የዋለ ሰው ሲሞላ ያድራል።»

ዛኪር ድሪሉን መልሶ አስነሣ። ይኼ ልጅ ፋርሂያን ካገባ ጀምሮ ለአማቱ አንድም ቀን «አይሆንም» ብሎ አያውቅም። እናቱ እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችው፤ የሚስትህ እናት ስትናገር መሬት መሬት እያየህ እሺ በል ብላ። አዴ መሪያም ይህን ጠባዩን ትወድለት ነበር። ሰው የሚወደው ነገር ሁሉ ይበጀዋል ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።

ሚኒባሱ ያረጀ ነው፤ ድሬን ከዳር እዳር ሰው ሲያመላልስ የኖረ። ዛኪር ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ መታበት፣ ለጨርቅ መደርደሪያ ሠራለት፣ በመጨረሻ ከመኪናው የጎን ብረት አስጠግቶ ትንሽ ፍሪጅ አስገባ። ያ ሁሉ ልፋት ለፍሪጁ ነው። ፋርሂያ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ መርፌዋን ካልተወጋች አትቆምም። መድኃኒቱ ብርድ ይወዳል፣ ድሬ ደግሞ ድሬ ናት። ሳይዛት በፊት ከባሏ ጋር የገጠር ገበያ እየዞረች ድሪያና ሽርጥ ትሸጥ ነበር። ምላሷ የእናቷ ነው፤ አልፎ ሊሄድ የነበረውን ሰው መልሳ ታስገዛዋለች። ከታመመች ወዲህ ግን ፍሪጅ አጠገብ እንደታሰረች ፍየል ቤት ቀርታ፣ ግድግዳ እያየች ከሳች። «እንግዲያው ፍሪጁ ካንቺ ጋር ይሄዳል» አላት ባሏ። ስልኩ ላይ ፈረንጆች መኪናቸው ጣሪያ ላይ ሶላር ሲገጥሙ እያየ ተማረ። ቋንቋቸውን አይሰማም፤ እጃቸውን ነው ያየው።

ሁለቱን ሶላር በብሎን አጥብቆ፣ ሽቦውን ወደ ባትሪው ሲያወርድ ጎረቤታቸው ጉግሳ መጣ። ጉግሳ በአሮጌው ባቡር ጊዜ የመብራት ሠራተኛ ነበር።

«መሪያም፣ ልጁ ይውረድና ከላይ ስንት ኮረንቲ እንደሚመጣለት በቴስተር ልለካለት» አለ።

«ጉግሳ፣ የባቡሩን ሥራ ጨርሰህ ነው ወደኛ የመጣኸው? ባቡሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ?»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። ጉግሳ አልሳቀም። «እንዳልሽ» ብሎ ቴስተሩን ኪሱ ከተተና ሄደ። ዛኪር ከላይ ሆኖ መንገዱ ላይ እስኪታጠፍ በዓይኑ ሸኘው፣ ከዚያ ሽቦውን መልሶ ያዘ።

ያን ቀን ባትሪው ባዶ እንዳይሆን ብሎ ከቤት ኤክስቴንሽን ስቦ ሰካለት። ሲነጋ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ውሃ ጥርስ የሚነቅል ብርድ ሆኗል። አዴ መሪያም ጎረቤቱን እየጠራች አቀመሰች። «የልጄ መኪና ፀሐይ ይጠጣል» አለች። ውሃውን ያቀዘቀዘው ከግድግዳ የመጣው ሽቦ እንደሆነ፣ ዛፍ ሥር የቆመው ጣሪያ ጠብታ እንዳልሰጠ የሚነግራት ሰው አልነበረም። የሚነግራትን ሸኝታዋለች።

ለሙከራ የዋሂል ገበያ ይሻላል ተባለ። ቅርብ ነው፣ ካቃተን እንመለሳለን ተባባሉ። ቅርብ የሚሉት ነገር ሰውን ያዘናጋል። አዴ መሪያምም «ልጄን ብቻዋን አልሰድም» ብላ አልጋው ላይ ተደላድላ ወጣች።

ዋሂል ሲደርሱ ዛኪር መኪናውን ከገበያው ዳር ሜዳ ላይ አቆመው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች አዴ መሪያም።

«እዚህ ይሻላል፣ አዴ። ሶላሩ ፀሐይ እንዲ...»

«ልጄን ልትጠብሳት ነው? ያንን የመሰለ ግራር ቆሞ፣ የታመመ ሰው ይዘህ ሜዳ ላይ?»

«ጣሪያው ላይ ጥላ ካረፈ ምናልባት...»

«የዋሂል ፀሐይ ቅጠል አይመልሳትም። ድንጋይ ሥር የተኛ ጊንጥ ታገኛለች እንኳን ያንተን ቆርቆሮ። ፀሐይን አንተ ልታስተምረኝ? ፊቴን እንዲህ ያደረገችው እሷ ናት።»

ፋርሂያ ሳቀች። «አቦ፣ እሺ በላት። ካላልክ ማታም አታስተኛህም።»

ዛኪር መሬት አየ። ድሬ የተወለደ ሰው መኪና ሲያቆም እጁ ራሱ ወደ ጥላ ይስበዋል፤ የአማት ቃል ሲጨመርበት ደግሞ ማን ይችለዋል? ግራሩ ሥር አስገባው።

ገበያው ደራ። ፋርሂያ ጨርቋን ዘርግታ ስትጮህ መንገደኛው እየዞረ ይመጣ ነበር። «ይኼን ድሪያ ልበሺና ግቢ፤ ባልሽ ሳያውቅሽ ሁለተኛ ያገባሻል» ትላለች። ባልየው ከጎን ቆሞ ይስቃል፣ ሚስትየው ትገዛለች። አዴ መሪያም ከመኪናው ጥላ ሆና እያየቻት፣ ልጄ ተመለሰች አለች በሆዷ።

ፍሪጁ የደረሱ ዕለት እንደ ድመት ያንኮራፋ ነበር። በማግሥቱ ዝም አለ። ዛኪር «ሲበርድለት ያርፋል» ብሎ ነግሯታልና፣ አዴ መሪያም አረፈ አለች። ብርዱ እንዳይወጣ በሩን ቶሎ ዝጉ ስለተባለ ፋርሂያ መድኃኒቷን ቀድታ ወዲያው ትዘጋዋለች። እጇ ከገበያው ግለት የመጣ ነው፤ የነካችው ሁሉ ቀዝቃዛ ይመስላታል።

ዛፉ የጠዋቱንና የቀትሩን ፀሐይ ከጣሪያው ላይ በላው። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ጎንበስ ብላ ከቅርንጫፉ በታች ትገባና፣ ፍሪጁ የተደገፈበትን ብረት ትጠብሰዋለች። የመኪናው በር ለሌባ ተብሎ ውሎውን ይዘጋል። ውስጡ ምድጃ ነው።

ቀናት አለፉ። ፋርሂያ ውሃ አበዛች። ሙቀት ነው፣ ሁሉም ይጠጣል፤ በዚያ አገር የተጠማን ሰው ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጩኸቷ ቀነሰ። ገበያ ነው፣ ጉሮሮዋ ደክሞ ነው ተባለ። ከመኪናው ኋላ ወዳለው ቁጥቋጦ ስትመላለስም ያን ያህል የጠጣ ምን ያድርግ ተባለ። ለሁሉም መልስ ነበረው።

አንድ ረፋድ አዴ መሪያም እግሯን ልትታጠብ ወደዚያው ቁጥቋጦ ስትሄድ ጉንዳን አየች። ጉንዳኖቹ ተሰልፈው ሄደው ልጇ ለሽንት የተቀመጠችበት አሸዋ ላይ ተከምረዋል። እሷ ራሷ የተቀመጠችበት ላይ አንድም የለም። አዴ መሪያም ፊደል አልቆጠረችም፤ ጉንዳን ምን እንደሚወድ ግን ታውቃለች። የያዘችውን የውሃ ጆግ ጥላ ተመለሰች።

ፍሪጁን ስትከፍተው የወጣው አየር እንደ ሰው ብብት የሞቀ ነው። የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንስታ ወደ ብርሃን አየችው። ጥርት ያለ ነው። የተበላሸ ወተት ይሸታል፣ የተበላሸ ሥጋ ይጠቁራል፤ ይኼ ግን ምንም እንዳልሆነ ዝም ብሎ ያያታል።

«ዛኪር» አለች። ጮክ አላለችም፤ እሱ ግን ሮጦ መጣ።

እጁን ፍሪጁ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በጎማው ተንጠላጥሎ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሶላሩን በመዳፉ ዳበሰው። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሶላሩ ተበላሸ?» አለችው።

«አልተበላሸም፣ አዴ። ፀሐይ አላገኘም። ሙሉውን ጥላ ነው።»

እንዲሰድባት ጠበቀች። ቢሰድባት መልስ ነበራት። ዛኪር መሬት መሬት አየ። ያን የምትወድለትን ጠባይ ያን ጊዜ ጠላችው።

ፋርሂያን ጨርቁ ላይ ተኝታ አገኟት። «ሆዴን ያመኛል» አለች። ትንፋሿ እንደ በሰበሰ የዘይቱን ፍሬ ጣፍጦ ይሸታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ከዚህ ብልቃጥ የተወጋሽው?» አለች አዴ መሪያም።

«ሁልጊዜም ከሱ ነው። ጠዋትም ማታም፣ አንድም አላለፈኝ። ምነው?»

እንግዲህ መድኃኒቱ በሙቀት ሞቶ ውሃ ስትወጋ ከርማለች ማለት ነው። መድኃኒቱ ከከተማ በቀር አይገኝም። ጨርቁን ለጎረቤት ነጋዴ ጥለው፣ ተሸክመው አልጋው ላይ አስተኟትና ዛኪር ሞተሩን አስነሣ።

ከግራሩ እንደወጡ ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ እንዳለች ወደቀች። ጥቂት እንደሄዱ ፍሪጁ ነቃ። ማንኮራፋት ጀመረ፤ የሞተውን መድኃኒት ሊያቀዘቅዝ። አዴ መሪያም በእግሯ በሩን መታችው። ዝም አላለም።

የፋርሂያ ጭንቅላት ጭኗ ላይ ነው። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ሆኗል፤ ዓይኗ ይከደናል።

«አትተኚ። ከተኛሽ የሠርግሽን ሩዝ ነገር ለአገሩ ሁሉ እናገራለሁ።»

«የምን ሩዝ...»

«ያሳረርሽውን። ሰው ሽታውን እስከ ሳቢያን ሰፈር ተሸክሞት ሄደ።»

«አክስቴ ናት ያሳረረችው።»

«የሞተች አታሚ። አንቺ ነሽ። ባልሽ ደግሞ ሁለቴ አስጨመረ፤ ሞኝ።»

ፋርሂያ ሳቅ የመሰለ ነገር አደረገች። ዛኪር በመስታወቱ እያየ «ትናገራለች?» አለ።

«ትናገራለች። አንተ መንገድህን እይ።»

መታጠፊያው ላይ ግመሎች መንገዱን ሞልተውት ነበር። አዴ መሪያም በመስኮት ብቅ ብላ እረኛውን በሶማሊኛ መስደብ ጀምራ በኦሮምኛ ጨረሰችለት። ግመል አይቸኩልም። መንገዱ እስኪጠራ ልጇን ስታናግር፣ ስትቆነጥጥ፣ ስትሰድብ ቆየች። የልብስ አጣጠቧን ሰደበች። አካሄዷን ሰደበች። የፋርሂያ መልስ መጀመሪያ አጠረ፣ ቀጥሎ ማጉተምተም ሆነ፣ ከዚያ ቀረ።

አዴ መሪያም ስድብ አለቀባት። በዕድሜዋ አልቆባት አያውቅም። ከፊት የድሬ ቤቶች ጭጋግ በመሰለ ሙቀት ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ፤ የሚቀርቡም አይመስሉም። ወደ ልጇ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ፋርሂያ። መኪናውን ዛፍ ሥር ያስገባች ማናት?»

ጉንጯን መታ መታ አደረገቻት።

«ባልሽ አይነግረኝም፤ ያፍራል። አንቺ የኔ ልጅ ነሽ፣ አታፍሪም። ማናት?»

የፋርሂያ ከንፈር ደርቆ ተጣብቋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተላቀቀ።

«አንቺ» አለች።

አዴ መሪያም የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«አልሰማሁም» አለች። «ድገሚው።»