ጠማማው በረንዳ

አናጢው የፎቁን በረንዳ መደገፊያ አጣሞ መምታት አቃተው። ዕድሜ ልኩን ሲያቃና የኖረ እጅ በትእዛዝ አልጣመም አለ።

ይህን በረንዳ ያፈረሰው እሱ ራሱ ነው። ያኔ የቅርስ ቢሮው፣ «የአሮጌው ሰፈር ቤቶች ወደ ኦሪጅናላቸው ይመለሱ፤ በኋላ የተጨመረ ሁሉ ይነሳ» ሲል፣ መጀመሪያ መሰላሉን ያስደገፈው ታላቅ እህቱ ቤት ላይ ነበር። በረንዳውን ከዕቃ ሳጥን እንጨት ለቃቅሞ የሠራው ልብስ ሰፊው ሟች ባሏ ነው። ይህ አማቹ በሕይወት ሳለ በሰው ፊት «ምስማር መቺው» እያለ ይጠራው ነበር፤ ነገሩ አንጀቱ ውስጥ እንደ ስንጥር ተሰክቶ ቀርቷል።

«የሌላውን አስቀድምና የእኔን ትንሽ አቆይልኝ» ብላ እህቱ ለመነችው።

እሱ ግን ሳንቃውን እየነቀለ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «እዩልኝ የልብስ ሰፊ አናጢነት! በመርፌ ነው እንዴ የሰፋው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣትም። ሳቁ ግን እስከዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ከቢሮው አዲስ ባለሙያ መጥቶ፣ ነዋሪው የጨመረውም የቤቱ ታሪክ ነው አለ። የተማረ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ይቅርታ አይልም፤ ስብሰባ ነው የሚጠራው። የድሮ ፎቶ አሳይቶ፣ «እንደነበረው ይሠራ፤ ጠማማነቱም ኦሪጅናል ነው» ሲል፣ አናጢው ማንም ሳይቀድመው «እኔ እሠራዋለሁ» አለ። የድሮው እንጨት ማገዶ ሆኖ አልቋል። ቢሆንም በረንዳው ሲመለስ እህቴም ትመለስልኝ ይሆናል ብሎ ነው።

እንደምንም አጣሞ ጨረሰ። ሠራተኞቹ መሰላሉን ይዘው ሄዱ፤ እሱ በመስኮቷ ጠራት።

«እትዬ፣ ወጣ በይና እስኪ እዪው።»

ወጣች። ያዘነበለውን መደገፊያ ዳበሰችው።

«ለሌላው ቀጥ ልክክ አድርገህ ትሠራለህ። ለእኔ ሲሆን ጠመመብህ?»

«ኧረ እትዬ፣ እንደሱ አድርገህ ሥራ ብለውኝ እኮ ነው!»

ከታች ባለሙያው «ቁርጥ የድሮው!» እያለ ፎቶ ያነሳል። አንድ ጎረቤት አንጋጦ አየና ሳቁ አመለጠው። እህትየው ፊቷ ጠቆረ።

«ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀጥ ላድርገው ብሎ ነው የጠመመበት» አለችው። ገብታም በሩን ዘጋችው።

መሰላሉ ከሄደ መውረጃው በእሷ ክፍል በኩል ብቻ ነው። አናጢው ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው።